የጥይት ፍጥነት መለኪያ በ100 ሜትር ምን ይጠቅማል?

ጥያቄው እንዲህ ነበር፦ «.308 ጠመንጃዬ በ100 ሜትር ላይ 5 ሴንቲሜትር ያህል ይበትንብኛል። ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጠውን ትንሿን ራዳር ብገዛ ተኩሴ ይሰበሰባል?»

ወንድሜ፣ በዚህ ርቀት አይሰበሰብም። የአረር ፍጥነት የምትለካዋ መሣሪያ ጥሩ ናት፣ ግን አንተ ያለብህን ችግር አትነካውም።

ሂሳቡን እንየው። በ800 ሜትር በሰከንድ የሚወጣ አረር 100 ሜትር ለመድረስ 0.13 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በዚያች ቅጽበት የመሬት ስበት የሚያወርደው 8 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ነው። አሁን አንዱ ጥይት ከሌላው በ10 ሜትር በሰከንድ ቀርፎ ቢወጣ ይበልጥ የሚወርደው በ2 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የ10 ሜትር በሰከንድ ልዩነት ደግሞ ለደህና ጥይት ብዙ ነው። ስለዚህ የአንተ 5 ሴንቲሜትር ከፍጥነት የመጣ አይደለም፤ በተለይ ቀዳዳዎቹ ወደ ግራና ቀኝም ከተበተኑ ፈጽሞ አይደለም። ፍጥነት በዚህ ርቀት የሚያሳስተው ወደ ላይና ወደ ታች ነው። መጀመሪያ የመነጽሩን ብሎኖች ፈትሽ፣ ሰደፉ ትከሻህ ላይ ሁሌ አንድ ቦታ ማረፉን ተመልከት፣ ምላጩን ስትስብ ጓደኛህ እጅህን ይይልህ፣ ከዚያ ሌላ ዓይነት ጥይት ሞክር። ለዚህ ሁሉ ኢላማው ራሱ ይበቃሃል።

የሚገርመው፣ በ50 ሜትር .22 የሚተኩሱት ናቸው ራዳሯን ይበልጥ የሚፈልጓት። የውድድር .22 አረር የሚወጣው በ330 ሜትር በሰከንድ አካባቢ ነው፤ 50 ሜትር እስኪደርስ 12 ሴንቲሜትር ያህል ይወርዳል። እዚህ የ10 ሜትር በሰከንድ ልዩነት ወደ 7 ሚሊሜትር ይሆናል። የ50 ሜትር ኢላማ የአስር ነጥብ ክብ ስፋቱ 10.4 ሚሊሜትር ብቻ መሆኑን ካሰብክ ነገሩ ይገባሃል። የ.308 ተኳሽም ርቀቱ ሲጨምር እዚያው ጣጣ ውስጥ ይገባል፤ 900 ሜትር ላይ የ3 ሜትር በሰከንድ ልዩነት 10 ሴንቲሜትር ገደማ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል።

ስለ መሣሪያዎቹ ዓይነት ሌሎች ስለጠየቁ ባጭሩ። የድሮው የብርሃን ክሮኖግራፍ (የፍጥነት መለኪያ) አረሩ በሁለት ሴንሰሮች ላይ ሲያልፍ ጥላውን ይዞ በመካከል ያለውን ጊዜ ይቆጥራል፤ ርካሽ ነው፣ ግን ደመና ሲመጣና ፀሐይ ሲያዘነብል ያኮርፋል፣ ዝቅ አድርጎ የተኮሰም ይበሳዋል። አፈሙዝ ላይ የሚታሰረው በፀሐይ አይረበሽም፤ ሆኖም ክብደቱ የአፈሙዙን ንዝረት ስለሚለውጥ ጥይቱ የሚያርፍበትን ቦታ ያዛውራል፣ ስለዚህ ፍጥነትና ስብስብ ባንድ ጊዜ አትለካበትም። ራዳሩ (ላብራዳር የሚባለውም ሆነ የጋርሚን ኩባንያ ትንሿ «ዜሮ») ጠመንጃውን አይነካም፣ ከጎን ይቀመጣል። የሚሠራው በዶፕለር ነው፦ በ24 ጊጋኸርዝ የሚላክ ሞገድ ከሚሸሸው አረር ላይ ነጥሮ ሲመለስ ድግግሞሹ ዝቅ ይላል፤ ለ800 ሜትር በሰከንድ ልዩነቱ 128 ኪሎኸርዝ ያህል ነው። ገንዘቡ ካለህ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው።

አሁን ብዙዎቻችን ወደምንታለልበት እንምጣ። አምስት ጥይት ይተኮሳል፣ ስክሪኑ «ኤስዲ 4» ይላል (ፍጥነቶቹ ከአማካያቸው ምን ያህል እንደሚበተኑ የሚያሳይ ቁጥር ነው፣ በሜትር በሰከንድ)፣ ፎቶ ተነስቶ ይለጠፋል። በ5 ጥይት የተገኘ 4 እኮ፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት እንኳ፣ እውነተኛው ከ2.4 እስከ 11.5 ድረስ የትም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሃያ ብትተኩስ ከ3 እስከ 5.8 ይጠባል። ሁለት የባሩድ መጠኖችን በአምስት አምስት ጥይት አወዳድሮ «ይሄኛው ይሻላል» የሚል ሰው ዕጣ እያወጣ ነው። በትልቁና በትንሹ ፍጥነት መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ በተኮስክ ቁጥር እየሰፋ ስለሚሄድ የጥይት ብዛቱ ያልተነገረ ከሆነ አትቁጠረው።

ቁጥሩን የሚያዛባ ሌላ ነገር አለ፣ ስክሪኑን እያየህ ልትይዘው ትችላለህ። ጥይት አጉርሰህ፣ አጠገብህ ካለው ሰው ጋር ወሬ ጀምረህ፣ በጋለው ጠመንጃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቆይተህ ተኩስ። ባሩዱ ስለሚሞቅ ቁጥሩ ከቀደሙት ከፍ ብሎ ይመጣል፤ እኔ ሰዎች ይህንን አይተው ጥይቱን ሲረግሙ ሰምቻለሁ። ጥይቶችህን ከጥላ አታውጣ፣ አጉርሰህም አትቆይ። የብርሃን ክሮኖግራፍ ከአፈሙዙ 4 ሜትር ርቆ ከቆመ ደግሞ የሚነግርህ እዚያ ቦታ ያለውን ፍጥነት ነው፤ .308 በየሜትሩ ከግማሽ ሜትር በሰከንድ በላይ ስለሚያጣ፣ የጥይቱን መውረድ የሚያሰላልህ የስልክ አፕ ላይ ርቀቱን ሙላለት።

አፑን ካነሳን አይቀር፣ የአየር ግፊት የሚለው ሳጥን ላይ ከስልክ የአየር ትንበያ የተቀዳ ቁጥር አትጻፍ። ትንበያው ወደ ባሕር ወለል የተስተካከለ ግፊት ነው የሚሰጥህ፣ 1013 ሄክቶፓስካል አካባቢ። አንተ ያለህበት ከፍታ 2000 ሜትር ከሆነ እውነተኛው ግፊት 795 ገደማ ነው። በተሳሳተው ቁጥር አፑ አየሩን አወፍሮ ያስበዋል፣ በሩቅ ኢላማ ላይም ጥይትህ ከላይ ያልፋል። ከዚያ ሰው ፍጥነቱን ጠርጥሮ ራዳሩ ያወጣለትን ትክክለኛ ቁጥር በእጁ ያበላሸዋል። ግፊቱን ራሱ የሚለካ የእጅ መሣሪያ ካለህ የቦታውን ግፊት እንዲያሳይህ አስተካክለው።

እንግዲህ ለአንተ፦ በዚህ ዓመት ከ300 ሜትር በላይ የመተኮስ ሐሳብ ከሌለህ ገንዘቡን ጥይት ግዛበት። ካለህ ግን ከክለብህ ሰው ራዳር ተውሰህ ከአንድ ዓይነት ጥይት ሃያ ያህል ለካበትና አማካዩን አፑ ላይ መዝግብ። ጥይቱን እስክትቀይር ድረስ ለብዙ ጊዜ ሌላ ልኬት አያስፈልግህም፤ የአየሩ ሙቀት በጣም ሲለወጥ ብቻ እንደገና ትለካለህ።