ባኬት ዲስክ አይደለም፦ የክላውድ ማከማቻን ከሊኑክስ ሰርቨር ጋር ስለማያያዝ ጥያቄና መልስ

ባኬቱን እንደ ተጨማሪ ሃርድ ዲስክ ሰርቨሬ ላይ ማያያዝ እችላለሁ?

ባኬት እንደ አማዞን ኤስ3 ባለ የክላውድ ማከማቻ ውስጥ ፋይሎች የሚቀመጡበት ክፍል ነው። ማያያዙስ ቀላል ነው፤ ጣጣው «እንደ ሃርድ ዲስክ» ያሉት ላይ ነው። ዲስክ ላይ የአንድን ፋይል መካከል ብቻ ነክቶ ማረም ይቻላል። ኦብጀክት (ባኬት ውስጥ የተቀመጠ ፋይል) ግን ከተጫነ በኋላ አይነካም፤ አንዲት ፊደል ለማረም ሙሉው እንደገና ይጫናል። ፎልደር የሚባል ነገርም የለም። «ፎቶ/2024/ጉዞ» ብለው የሚያዩት ሁሉ አንድ ረጅም ስም ነው፤ እዝባሩም ከፊደላቱ እንደ አንዱ ነው። አሥር ሺህ ፋይል ያለበትን ፎልደር ስም ሲለውጡ አሥር ሺሁም በአዲስ ስም ይገለበጣሉ፣ ከዚያ አሮጌዎቹ ይጠፋሉ። ባኬትን እንደ ፎልደር የሚያሳዩት ኤስ3ኤፍኤስና አርክሎን የተባሉ ፕሮግራሞች በፊውዝ (ተራ ፕሮግራም የፋይል ሥርዓት እንዲያቀርብ በሚያስችለው የሊኑክስ ክፍል) አማካይነት ይህን ሁሉ ከዓይንዎ ይሰውሩታል፤ መዘግየቱን ግን አይሰውሩትም።

የማይኤስኪውኤል ዳታቤዜንስ እዚያ ላስቀምጠው?

በፍጹም። ዳታቤዙ ዲስክ ላይ ይኑር፤ ወደ ባኬቱ የሚሄደው የመጠባበቂያ ቅጂው ነው።

ከኤስ3ኤፍኤስና ከአርክሎን የትኛውን ይመርጣሉ?

ሥራዎ መጠባበቂያ መላክ ብቻ ከሆነ ምንም አያያይዙ። የአርክሎን «ኮፒ» ትእዛዝ ይበቃል። «ሲንክ» የሚለውን ሲጠቀሙ ይጠንቀቁ፤ ከምንጩ የጠፋውን ከመድረሻውም ያጠፋል። አንድ ፕሮግራም የግድ ፎልደር ማየት ካለበት በአርክሎን አያይዙና የመሸጎጫውን (ፋይሎች ለጊዜው በሰርቨሩ ዲስክ ላይ የሚቆዩበትን) ደረጃ «ራይትስ» ወይም «ፉል» ያድርጉት፤ አለዚያ ብዙ ፕሮግራሞች መጻፍ ያቅታቸዋል። ትልልቅ ፋይሎችን ማንበብ ብቻ ከሆነ አማዞን በ2023 ያወጣው ማውንትፖይንት ጥሩ ነው፤ የተቀመጠን ፋይል መካከል ለማረም ቢሞክሩ በግልጽ እምቢ ይላል። ይህን እምቢታውን እወድለታለሁ።

ኤስ3ኤፍኤስ የቁልፍ ፋይሌን አልቀበልም አለኝ።

ሌላ ሰው ሊያነበው ስለሚችል ነው። ፈቃዱን 600 (ባለቤቱ ብቻ የሚያነበውና የሚጽፈው) ያድርጉት። ሁለቱ ቁልፎች (መለያውና ምስጢራዊው) በአንድ መስመር ላይ፣ በመካከላቸው ሁለት ነጥብ (:) ብቻ ኖሮ ይጻፉ። ቁልፉም ለዚያ ባኬት ብቻ የሚሠራ ይሁን።

ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲነሳ ባኬቱ ሳይያያዝ ይቀራል።

ኔትወርኩ ሳይነሳ ለማያያዝ እየሞከረ ይሆናል። ኤፍኤስታብ (ሰርቨሩ ሲነሳ የሚያያዙትን የሚዘረዝረው ፋይል) ውስጥ «ኔትዴቭ» (_netdev) የሚለውን ምርጫ ያክሉ፤ ከፊቱ የታች ሰረዝ አለው። ከዚህ የባሰው ግን ባኬቱ አለመያያዙን ሳያውቁ መቅረት ነው። እኔ ላይ ደርሷል፦ የመጠባበቂያ ስክሪፕቴ አሥራ አንድ ሌሊት ሙሉ «ተሳክቷል» እያለ ይጽፍልኝ ነበር። ይጽፍ የነበረው ለካ ከስር ባለው ባዶ ማውጫ (ፎልደር) ላይ፣ በራሱ በሰርቨሩ ዲስክ ላይ ኖሯል። ያወቅሁት ዲስኩ ሞልቶ ድረ ገጹ ሲቆም ነው። ከዚያ ወዲህ ስክሪፕቶቼ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት «ማውንትፖይንት» በሚለው የሊኑክስ ትእዛዝ ማውጫው በእርግጥ መያያዙን ይጠይቃሉ። (ስሙ ከአማዞኑ ጋር ቢገጥምም ሌላ ነው።) ካልተያያዘ ስክሪፕቱ በስህተት ይቆማል።

አንድም ፋይል ሳልከፍት ወደ ባኬቱ ለሚላኩ ጥያቄዎች የምከፍለው ሂሳብ እየጨመረ ነው። ማን ነው የሚያነበው?

ብዙ ጊዜ «አፕዴትዲቢ» የተባለው የሊኑክስ ፕሮግራም ነው፤ ለፋይል ፍለጋ ዝርዝር ለማዘጋጀት በየቀኑ ማውጫዎችን ሁሉ ይዞራል። ኤስ3 በአንድ ጥያቄ ቢበዛ 1,000 ስም ብቻ ይመልሳል፤ ስለዚህ አንድ ሚሊዮን ኦብጀክት ለመዘርዘር ቢያንስ 1,000 ጥያቄ ያስፈልጋል። ኤስ3ኤፍኤስ ደግሞ የየፋይሉን መጠንና ፈቃድ ለማወቅ ሌላ ጥያቄ ይጨምራል። የማውጫውን አድራሻ በፕሮግራሙ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ ከሚዘለሉት ጋር ያስገቡት። ጸረ ቫይረስ ካለዎትም እንዲሁ ያድርጉ።

ቁልፎቼ ትክክል ናቸው፤ ሆኖም ተከለከልኩ።

የሰርቨሩን ሰዓት ይዩ። ከ15 ደቂቃ በላይ ከተዛነፈ ኤስ3 በቁልፉ የተሠራውን የጥያቄ ፊርማ አይቀበልም። ክሮኒን (ሰዓቱን የሚያስተካክለውን ፕሮግራም) ያስነሱ።

ትናንት ሲሠራ የነበረው ማውጫ ዛሬ «መድረሻው አልተገናኘም» ይለኛል።

የሚያያይዘው ፕሮግራም ሞቷል፤ ማውጫው ብቻ ቀርቷል። በግድ ነቅለው እንደገና ያያይዙት። ከዚያ የከርነሉን (የሊኑክስ እምብርት) መዝገብ ያንብቡ፤ ማህደረ ትውስታ አልቆ ከርነሉ ራሱ ገድሎት ከሆነ ነገም ይደገማል።