ስለ «ፕላስ ሲ» ጠይቁኝ፦ ከድሬና ከሐረር የመጡ ጥያቄዎች

ባለፈው ሳምንት «ስለ ኢንቲግራል የከበዳችሁን ሁሉ ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። (ኢንቲግራል ከደሪቬቲቭ፣ ማለትም ከለውጥ ፍጥነት ተነስቶ ዋናውን ፈንክሽን ወደኋላ መፈለግ ነው።) እኔ የጠበቅኩት ሰብስቲቲዩሽንና ፓርሻል ፍራክሽን የሚባሉትን የአሠራር ዘዴዎች ነው። የመጣልኝ ግን አብዛኛው ስለ አንዲት ፊደል ነው። መልሱ ጫፍ ላይ ስለምትቀመጠው ሲ። ድሬ ላይ ሒሳብ ሳስተምር፣ ፈተና ባረምኩ ቁጥር የማያት እሷን ነው። ወይም የማላያት። ዛሬ ከሰዓት ሙቀቱ ከቤት አላስወጣ ስላለኝ ቁጭ ብዬ መለስኩላችሁ።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ «የ2ኤክስን ኢንቲግራል ፈልግ» ይላል። ኤክስ ስኩዌር ብዬ መለስኩ። ከ3 ማርክ 2 ተሰጠኝ። ለአንዲት ሲ አንድ ማርክ ግፍ አይደለም? (የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ሐረር)

መልስ፦ አቦ፣ ንዴትህ ይገባኛል። ግን ግፍ አይደለም። እስቲ ወደኋላ ተመልሰህ እየው። የኤክስ ስኩዌር ደሪቬቲቭ 2ኤክስ ነው። የኤክስ ስኩዌር + 5ስ? እሱም 2ኤክስ ነው። የኤክስ ስኩዌር − 100ም እንደዚሁ። ቋሚ ቁጥር ደሪቬቲቭ ሲወሰድ ዜሮ ሆኖ ይጠፋል። ስለዚህ 2ኤክስን ብቻ ያየ ሰው የጠፋው ቁጥር 5 ይሁን −100 ሊያውቅ አይችልም። ጥያቄው «ደሪቬቲቫቸው 2ኤክስ የሆኑትን ሁሉ አምጣ» ነው የሚልህ። አንተ አንዱን አመጣህ።

የሐረር ልጅ ስለሆንክ በዚህ ላስረዳህ። «የጀጎልን አምስቱን የጥንት በሮች ጥራ» ብትባል «ሸዋ በር» ብለህ ቁጭ ትላለህ? ውሸት አልተናገርክም። ግን አልጨረስክም። እዚህ ደግሞ በሮቹ አምስት አይደሉም፣ ማለቂያ የላቸውም። አንድ በአንድ ጠርተን ስለማንዘልቃቸው ነው ሁሉንም በአንዲት ሲ የምንጠራቸው።

ጥያቄ፦ ሲ ግን በትክክል ምንድን ናት? እኔ እንደ ፊርማ ነው መጨረሻ ላይ የምጽፋት። (ተማሪ ነኝ፣ ከቀፊራ)

መልስ፦ «እንደ ፊርማ» ያልሽው አሳቀኝ። ብዙ ሰው እንደዛ ነው የሚያደርጋት። ሲ መነሻ ናት። አንድ የሚኒባስ ሹፌር ደውሎ «በሰዓት 40 እየነዳሁ ግማሽ ሰዓት ሆነኝ» ቢልሽ፣ 20 ኪሎ ሜትር እንደሄደ ታውቂያለሽ። የት እንዳለ ግን አታውቂም። ከድሬ ተነስቶ ከሆነ ደንገጎ አካባቢ ነው። ከሐረር ተነስቶ ከሆነ ደግሞ ሐረማያ አካባቢ። (የደንገጎን ዳገት በ40 የሚወጣ ሚኒባስ የታለ አትበይኝ፣ ምሳሌ ነው።) ፍጥነቱ ያው ነው፣ ሰዓቱም ያው ነው። የሚለየው መነሻው ነው። ፍጥነትን ኢንቲግሬት ስታደርጊ ምን ያህል እንደሄደ ይነግርሻል። የት እንደደረሰ ለማወቅ ግን ከየት እንደተነሳ ትጨምሪበታለሽ። እሱን ካልነገሩሽ ሲ ብለሽ ቦታውን ክፍት ትተዪለታለሽ።

ጥያቄ፦ ከ1 እስከ 3 የሚል ገደብ ሲኖረውስ ሲ ይጨመራል?

መልስ፦ አይጨመርም። ከፈለግክ ያችኑ 2ኤክስ ወስደህ፣ ኤክስ ስኩዌር ላይ ሲን ጨምረህ ሞክረው። 3ን ስታስገባ 9 + ሲ፣ 1ን ስታስገባ 1 + ሲ። ስትቀንስ ሲ ከሲ ይጠፋና 8 ይቀራል። 8 ቁጥር ነው፣ «8 + ሲ» የሚባል መልስ የለም።

ይህን ሳይ አንድ ወረቀት ትዝ ይለኛል። ልጁ ስምንቱን ጥያቄ በሰማያዊ እስክሪብቶ ሠርቷል። ጥሩ ነው የሠራው። ከዚያ በሁሉም ጫፍ ላይ በጥቁር እስክሪብቶ «+ ሲ» ተጨምሯል። ገደብ ያላቸው ሦስቱም ላይ ሳይቀር። ፈተናው ሊሰበሰብ ሲል ከጎኑ ካለው ልጅ እስክሪብቶ ተውሶ፣ ወጥ ላይ ጨው እንደሚነሰንስ ሰው ሁሉም ላይ በትኗታል። ከዚያ ወረቀት ሲን እንደሚፈራት እንጂ እንደሚያውቃት ማየት አልቻልኩም።

ጥያቄ፦ ኢንትራንስ ላይ ምርጫ ነው። ሲ ያለው ምርጫ ውስጥ ተጽፎልኛል። እኔ ምን አስጨነቀኝ?

መልስ፦ እሱ እውነት ነው፣ ምርጫ ላይ መርሳት አትችልም። ግን ሌላ ወጥመድ አለ። ሳይን ኤክስ ሲባዛ በኮሳይን ኤክስን ኢንቲግሬት አድርግ ተባልክ እንበል። ሳይንን ዩ ብለህ ሠራህና ሳይን ስኩዌር ኤክስ ለ2 + ሲ አገኘህ። ምርጫው ውስጥ የለም! ያለው ኔጌቲቭ ኮሳይን ስኩዌር ኤክስ ለ2 + ሲ ነው። ልጆች እዚህ ላይ ደንግጠው ሁሉንም ሰርዘው እንደገና ይጀምራሉ። ሰዓቱ ይሄዳል። ሁለቱ ግን አንድ መልስ ናቸው። ሳይን ስኩዌርና ኮሳይን ስኩዌር ሲደመሩ 1 ስለሆኑ፣ ሁለቱ መልሶች የሚለያዩት በግማሽ ብቻ ነው። ግማሽ ደግሞ ቋሚ ቁጥር ነው፣ ሲ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ መልስህን ካጣኸው አትሰርዝ። የምርጫዎቹን ደሪቬቲቭ ውሰድ። ወደ ጥያቄው የተመለሰው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ 0 = 1 መሆኑን አረጋግጣለሁ ብሎ ሲያሳየኝ ስህተቱን ማግኘት አቃተኝ። የ1/ኤክስን ኢንቲግራል በኢንቲግሬሽን ባይ ፓርትስ (ብዜትን ዩ እና ዲ ቪ ብሎ ከፍሎ በሚሠራው ዘዴ) ሠራው። ዩን 1/ኤክስ፣ ዲ ቪን ዲ ኤክስ አደረገ። ዩ ሲባዛ በቪ 1 መጣ። ከተረፈው ደግሞ ያው የ1/ኤክስ ኢንቲግራል ወጣ። ማለትም «የ1/ኤክስ ኢንቲግራል = 1 + የ1/ኤክስ ኢንቲግራል»። ከሁለቱም ጎን ሰረዘውና 0 = 1 አለኝ።

መልስ፦ ጓደኛህን ሻይ ጋብዝልኝ። ከመጡት ሁሉ የወደድኩት ጥያቄ ይሄ ነው።

አሠራሩ በሙሉ ልክ ነው። ስህተቱ የመጨረሻዋ ስረዛ ብቻ ናት። ገደብ የሌለው ኢንቲግራል አንድ ፈንክሽን አይደለም፣ የፈንክሽኖች ቤተሰብ ነው። ኤክስ ከዜሮ ይበልጣል እንበልና፣ እዚህ ቤት ውስጥ ሎን ኤክስ (ደሪቬቲቩ 1/ኤክስ የሆነው ናቹራል ሎጋሪዝም) አለ፣ ሎን ኤክስ + 1 አለ፣ ሎን ኤክስ + 7ም አለ። አሁን ለእያንዳንዱ 1 ጨምርበት። ሎን ኤክስ + 1፣ ሎን ኤክስ + 2፣ ሎን ኤክስ + 8 ይሆናሉ። እነዚህ አዲስ ሰዎች ናቸው? አይደሉም፣ ድሮም እዚያው ቤት ነበሩ። ቤተሰቡ ቦታ ተቀያየረ እንጂ ሌላ አልሆነም። ስለዚህ «ኢንቲግራሉ = 1 + ኢንቲግራሉ» እውነት ነው። ግን ቤተሰብን ከቤተሰብ ቀንሰህ ዜሮ አታገኝም። ከግራ አንዱን፣ ከቀኝ ሌላውን አንስተህ ስትቀናንስ የሚመጣው የሆነ ቋሚ ቁጥር ነው።

ካላመንክ ገደብ ስጠው፣ ከ1 እስከ 2። ያቺ 1 ከላይም 1 ከታችም 1 ስለሆነች ስትቀናነስ ዜሮ ትሆናለች። ሎን 2 = 0 + ሎን 2። ተአምሩ ጠፋ።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ነኝ። ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን (ደሪቬቲቭ ያለበት እኩልታ) ላይ ሲን መጨረሻ ላይ ጨምሬያታለሁ። ግን ማርኩ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ሲ ጻፍኩ አይደል?

መልስ፦ ጻፍሽ፣ ግን ዘግይተሽ። የላክሽልኝ ጥያቄ «የዋይ ደሪቬቲቭ ራሱ ዋይ ነው» ይላል። ለያይተሽ ኢንቲግሬት ስታደርጊ ሎን ዋይ = ኤክስ + ሲ መሆን ነበረበት። አንቺ ሎን ዋይ = ኤክስ ብለሽ፣ ወደ ዋይ = ኢ ፓወር ኤክስ ቀይረሽ፣ ከዚያ ጫፉ ላይ + ሲ ለጠፍሽበት። ራስሽ ፈትሺው። የኢ ፓወር ኤክስ + ሲ ደሪቬቲቭ ኢ ፓወር ኤክስ ብቻ ነው። ሲ የለችበትም። ዋይ ላይ ግን አለች። እኩል የሚሆኑት ሲ ዜሮ ስትሆን ብቻ ነው።

በጊዜዋ ገብታ ቢሆን ኢ ላይ አብራ ትወጣና ማባዣ ትሆን ነበር፦ ዋይ = ኤ ሲባዛ በኢ ፓወር ኤክስ። ይሄ ሌላ መልስ ነው። ስለዚህ አራሚሽ የቀነሰው ለፊደል አይደለም፣ መልሱ ራሱ ተሳስቶ ነው።

ጥያቄ፦ ሁለቱንም ጎን ኢንቲግሬት ሳደርግ ሁለት ሲ አያስፈልግም? 2ሲ ስትመጣስ? በሲ ፈንታ ኬ ብጽፍስ?

መልስ፦ አንዷ ትበቃለች፤ ሁለት ቋሚ ቁጥር ተቀንሶ ያው ቋሚ ቁጥር ነው። 2ሲን መልሰህ ሲ ብትላት ማንም አይከስህም። ኬም ይቻላል፣ ጥያቄው ውስጥ ሌላ ኬ ከሌለ።

ጥያቄ፦ እኔም አስተማሪ ነኝ። አንድ ተማሪ አሥር ቦታ ቢረሳት አሥር ጊዜ ይቀነስበታል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ከብዙ ባልደረቦቻችን ጋር አንስማማም። እኔ በአንድ ወረቀት አንዴ ነው የምቀንሰው፤ ሌሎቹ ላይ አክብቤባት አልፋለሁ። ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን ከሆነ ግን ምሕረት የለኝም። ተማሪ ሳለሁ ስድስት ቦታ ረስቼ ስድስት ጊዜ ተቀንሶብኛል። መምህሩ መብታቸው ነበር። እኔ ግን ከዚያ በኋላ እንደዚያ ባለ ሁለት እስክሪብቶ ልጅ ገደብ ያለውም ላይ ሁሉ «+ ሲ» መጻፍ ጀመርኩ።

ጥያቄ፦ እንዳልረሳት ዘዴ ይስጡኝ።

መልስ፦ የተጠማዘዘችውን የኢንቲግራል ምልክት ታውቂያታለሽ። ላይብኒዝ በፈረንጆች 1675 የጻፋት ረጅም ኤስ ናት፣ ድምር ከሚለው የላቲን ቃል የተወሰደች። ገደብ ከሌላት፣ እሷ ከወረቀትሽ ላይ በጠፋችበት መስመር ሲ ትገባለች። በዚያው መስመር፣ ቀጣዩ ላይ አይደለም።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ ባለፈው ኩዊዝ በሲ ምክንያት የቀነሱብኝን ማርክ አይመልሱልኝም? እኔ እኮ ጽፌያታለሁ።

መልስ፦ አልመልስም። ወረቀትህን አውጥተህ እየው። ጥያቄው «ኤፍ ኦፍ 0 = 4» ብሎ መነሻውን ሰጥቶህ ነበር። አንተ ኤክስ ስኩዌር + ሲ ብለህ አቆምክ። ዜሮን ብታስገባ ሲ 4 መሆኗ በአንድ መስመር ይወጣ ነበር። የቀነስኩት ለዚያች መስመር ነው።