መድኃኒቱን የሚተፋው ሴል

ጥያቄ፦ ታላቅ እህቴ የጡት ካንሰር ታማሚ ናት። ቀዩ ኬሞ መጀመሪያ ላይ እብጠቱን በደንብ አሳንሶት ነበር። በኋላ ግን እንደገና ማደግ ጀመረ። ሐኪሟ «ሴሎቹ መድኃኒቱን እየተፉት ሊሆን ይችላል» ብሎ መድኃኒት ሊቀይርላት ነው። እሷ «ምግብ እንቢ ስላልኩ ነው» እያለች ራሷን ትወቅሳለች። መጠኑን ቢጨምሩላት አይሻልም? የሚተፋውንስ ነገር ማስቆም አይቻልም?
ታናሽ እህቷ፣ ከደሴ

መልስ፦ እግዜር ይማራት። በመጀመሪያ ራሷን መውቀሱን ትተው። ምግብ አለመብላቷ ያመጣው ነገር አይደለም። መድኃኒቱን የተቋቋመው ካንሰሩ ነው።

ቀዩ ያልሽው ዶክሶሩቢሲን ይመስለኛል። ይህ መድኃኒት ሴሉን የሚገድለው ውስጥ ገብቶ ዲኤንኤው ጋ ሲደርስ ነው። ችግሩ የሴሉ ሽፋን ላይ የተሰኩ ፕሮቲኖች መኖራቸው ነው። በጣም የታወቀው ፒ-ግላይኮፕሮቲን ይባላል። መድኃኒቱን ገና ሽፋኑን ሲያቋርጥ ይይዘዋል፤ ኤቲፒ የተባለውን የሴሉን ነዳጅ አቃጥሎ ቅርጹን ይቀይርና ወደ ውጭ ይገፋዋል። ፓምፕ በይው። ፓምፕ የበዛባቸው ሴሎች ከኬሞው ይተርፋሉ፤ ሌሎቹ ሲሞቱ እነሱ ይራባሉ። መጀመሪያ አንሶ በኋላ የሚያድገው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

ጁሊያኖ እና ሊንግ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ፕሮቲን ያገኙት በ1976 እ.ኤ.አ. ቶሮንቶ ውስጥ፣ ኮልቺሲን የተባለውን መድኃኒት በተቋቋሙ የሃምስተር ሴሎች ላይ ነው። የሚገርመው፣ ሴሎቹ ፈጽሞ ቀምሰዋቸው የማያውቁ ሌሎች መድኃኒቶችንም ይቋቋሙ ነበር። ፓምፑ አይመርጥማ! ዶክሶሩቢሲን፣ ቪንክሪስቲን፣ ፓክሊታክሴል በቅርጽ አይመሳሰሉም፤ እሱ ግን ሁሉንም ያስወጣል። ሲስፕላቲንን ግን አይነካውም። በ1992 ከሳንባ ካንሰር ሴል፣ በ1998 ደግሞ ከጡት ካንሰር ሴል ሌሎች ሁለት ፓምፖች ተገኝተዋል።

መጠን መጨመር? አይሆንም። ዶክሶሩቢሲን ልብን ይጎዳል፤ በዕድሜ ልክ የሚወሰደው ድምር እንኳ ገደብ አለው። ካንሰሩን ሳትጥዪው ልቧን ልትጎጂው ትችያለሽ።

ፓምፑን መዝጋትን በተመለከተ ብዙ ተሞክሯል። በ1981 ጃፓኖች ቬራፓሚል የተባለው የደም ግፊትና የልብ መድኃኒት ፓምፑን እንደሚያዳክም በአይጥ የደም ካንሰር ሴሎች ላይ አሳዩ። ለሰው ሲመጣ ግን የሚያስፈልገው መጠን ለልብ ከባድ ሆነ። ቀጥሎ ለዚሁ ሥራ ተብለው ቫልስፖዳርና ታሪኪዳር ተሠሩ። እነሱም በሕሙማን ላይ የተጠበቀውን አላስገኙም።

ምክንያቱም ፓምፑ የካንሰር ብቻ አይደለም። ጤነኛ አንጀት፣ ጉበት፣ ኩላሊትና የአንጎል ደም ሥሮች ላይም አለ፤ መርዝን ያስወጣል። በ1990ዎቹ አምስተርዳም ውስጥ ይህ ፓምፕ እንዳይኖራቸው የተደረጉ አይጦች ነበሩ። ለቆዳ ተባይ ተብሎ አይቨርሜክቲን ሲሰጣቸው ሞቱ፤ መድኃኒቱ ያለ ከልካይ አንጎላቸው ውስጥ ገብቶ ነበር። እኛ አገር ለወንዝ ዳር ዓይነ ስውርነት በዘመቻ የሚታደለው ያው አይቨርሜክቲን ነው፤ የእኛን አንጎል ከሚጠብቁልን አንዱ ይሄው ፓምፕ ነው። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ዘግተሽው ኬሞ ብትሰጪ ጤነኛው አካልም አብሮ ይጎዳል።

ሐኪሟ «ሊሆን ይችላል» ማለቱን ወድጄዋለሁ። ፓምፑ ከብዙ ምክንያቶች አንዱ ነው፤ ሌላው ለምሳሌ ሴሉ የተጎዳ ዲኤንኤውን መጠገኑ ነው። ደግሞም በየሆስፒታሉ በመደበኛነት የሚሠራ የፓምፕ ምርመራ የለም። መድኃኒት መቀየሩ ትክክል ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። አንዳንድ ዕፅዋትና ተራ መድኃኒቶች ይህንን ፓምፕ ያበረቱታል ወይም ያዳክሙታል፤ ከኬሞ ጋር ሲገናኙ ጣጣ ያመጣሉ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ከፋርማሲ የተገዛውንም፣ ከባህል ሐኪም የመጣውንም፣ ጎረቤት ያቀበለውንም በፌስታል ይዛችሁ ሂዱና አንድ በአንድ አሳዩት።