ወላጆቻችሁ መገጣጠሚያ ከማስቀየራቸው በፊት

ልጆቼ፣

ከመንዝም ሆነ ከአንኮበር፣ እናት አባታችሁን ዳሌ ወይም ጉልበት ለማስቀየር ይዛችሁ የምትወጡት እናንተ ናችሁ። ሐኪሙም ብዙውን የሚጠይቀው እናንተን ነው። ቀጠሮው እስኪደርስ ያሉትን ሳምንታት እንደ ዋዛ አትለፏቸው።

ከሁሉ የሚያሰጋው ኢንፌክሽን ነው። የሚገባው ብረትና ፕላስቲክ የደም ሥር የለውም፤ ጀርም ከተለጠፈበት መድኃኒት በወጉ አይደርስበትም፤ ብዙ ጊዜም ዳግም ተከፍቶ ይታጠባል ወይም ይወጣል። ስለዚህ የበሰበሰ ጥርስ፣ ሽንት ማቃጠል፣ በእግር ጣቶች መሀል ያለ ቁስል አስቀድሞ ይታከም። ጉልበቱ በባህል ሕክምና የተበጣ ወይም የተተኮሰ ከሆነ ቁስሉ ጨርሶ ይዳን። መገጣጠሚያው ውስጥ የስቴሮይድ (እብጠትና ሕመም የሚያስታግስ) መርፌ ከተወጉ ቢያንስ 3 ወር ይለፍ። በዋዜማው እግራቸውን በምላጭ አትላጩ፤ ለዓይን የማይታየው ጭረት ለጀርም በር ይከፍታል። የ3 ወሩን ስኳር የሚያሳየው ምርመራ ከ8 በመቶ አልፎ ሐኪሙ ቀጠሮ ቢያራዝም አትከፉ።

በደም ማነስ ላይ እኛ ደገኞች የምንሳሳትበት ነገር አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር ይበልጣል፤ በዚህ ከፍታ ሰውነት ቀይ የደም ሕዋስ አብዝቶ ያመርታል። ሄሞግሎቢን (የደም ማነስ የሚለካበት የቀይ ደም ንጥረ ነገር) 13 ለቆላ ሰው ደህና ቢባል እንኳ ለመንዝ ሰው ማነስ ሊሆን ይችላል። የብረት እንክብል ደም እስኪሞላ ሳምንታት ይፈጃልና ምርመራው ቢያንስ ከወር በፊት ይደረግ። እንክብሉን ከቡና ወይም ከሻይ ጋር አይውሰዱት፤ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል።

አረቄን አትደብቁ። «አባባ አልፎ አልፎ ይቀምሳሉ» አይበቃም፤ በቀን ስንት መለኪያ እንደሆነ ቁጥሩን ተናገሩ። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቋርጥ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ይቃዣል፣ ከአልጋ ዘሎ ይወርዳል፤ ወድቆም አዲሱን ዳሌ ያወልቃል። ቀድሞ ከታወቀ ግን በመድኃኒት ይከላከሉታል። ሲጋራም ቢያንስ 4 ሳምንት ቀድሞ ይቁም።

ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ ያለ ማዘዣ የተገዛውን ዲክሎፌናክ (የሕመም ማስታገሻ) እና ፕሬድኒሶሎን (የስቴሮይድ እንክብል) ጭምር። ደም ማቅጠኛ የሚቆምበትን ቀን ሐኪሙ ይንገራችሁ። ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በራሱ ፈቃድ ካቋረጠ ማደንዘዣ ላይ ሳለ የደም ግፊቱ ሊወድቅ ይችላል።

ቤቱንም አዘጋጁ። ዳሌ ለተቀየረለት ሰው አጭር በርጩማ፣ ሽንት ቤት ቁጢጥ ማለትና ስግደት፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት፣ ዳሌውን ሊያወልቁበት ይችላሉ። ከፍ ያለ ወንበርና መቀመጫ ያለው ሽንት ቤት ከመመለሳቸው በፊት ይሠራ፤ ስለ ስግደቱም ከንስሐ አባታቸው ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ሊገቡ ቢሹ፣ ቁስሉ ጨርሶ እስኪዳን ይጠብቁ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባታቸው አብጦ ካመማቸው ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠራቸው ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል፤ ሳታሳድሩ ሐኪም ቤት ውሰዷቸው።