ማጅራት የሚመታ የልምምድ ጓደኛ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ በቦክስ ልምምድ ግጥሚያ የሚገጥምህ ልጅ በአሥር ኪሎ ይበልጥሃል፤ ሲጠጋህ በግራ እጁ አንገትህን ይዞ በቀኙ ማጅራትህን ይመታል፣ በግንባሩም ይገጭሃል፤ አሰልጣኙ ደግሞ አይቶ ዝም ይላል። «አጸፋውን ልመልስ ወይስ አዳራሹን ልልቀቅ?» ብለሃል።

አጸፋውን ተወው። እኔ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በቆርቆሮ በተሠራ አዳራሽ ስድስት ዓመት ቦክስ ሠርቻለሁ። በሁለተኛው ዓመት እንዲህ ያለ ጓደኛ ገጠመኝ። ሦስት ሳምንት ታገሥኩና በአራተኛው ሆን ብዬ በክርኔ ቅንድቡን ተረተርኩት። በማግሥቱ እናቱ አዳራሹ ድረስ መጥተው ማን እንዳደረገው ሲጠይቁ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

መጀመሪያ ሆን ብሎ መሆኑን ለይ። በመጀመሪያው ዙር ንጹሕ ተጫውቶ በሦስተኛው የሚይዝህ ከሆነ ትንፋሽ አጥሮት እየተደገፈብህ ነው። ንጹሕ ቡጢ ባሳረፍክበት ቁጥር ጥፋቱ የሚከተል ከሆነ ግን የሚያደርገውን ያውቃል። ራስህንም መርምር። ቡጢ ሲመጣ ከወገብህ ጎንበስ ብለህ ወለሉን የምታይ ከሆነ ማጅራትህን የምታቀርብለት አንተው ነህ። ጉልበትህን አጥፈህ ውረድ፤ ዓይንህ ከደረቱ አይነቀል።

ክፉ ሥራ ሁሉ የሚሠራው ስትተቃቀፉ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ልቆይ። አንገትህ ሲያዝ ሰውነትህ ወደ ኋላ መሳብ ይፈልጋል። በሳብክ ቁጥር ግን ራስህ ይወርዳል፣ ቀኝ እጁም እንደልቡ ይሆናል። ይልቅ ተጠጋው። ጀርባህን ቀጥ፣ አገጭህን ዝቅ አድርግ። ግራ እጅህን በውስጥ በኩል አስገብተህ ቀኝ ክንዱን ከክርኑ ከፍ ብለህ እፈንበት፤ መምቻ ርቀት አያገኝም። ጆሮህን ከጆሮው ጋር አጣብቅ፤ በግንባር ለመግጨት ክፍተት ያስፈልጋልና ክፍተቱን ንሳው። ቀኝ ክንድህን ደረቱ ላይ አጋድመህ፣ አንገትህን ወደያዘበት እጅ በኩል ማለትም ወደ ቀኝህ ዞረህ ውጣ። ስትላቀቁ እጅህ አይውረድ፤ ብዙ ሰው ቡጢ የሚቀምሰው ያኔ ነው። ይህን ከሌላ ጓደኛ ጋር፣ ያለ ቡጢ፣ በእያንዳንዱ ልምምድ አሥር ደቂቃ ሥራው። እኔ እስኪዋሃደኝ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።

ልጁ ግራኝ ከሆነ የፊት እግሮቻችሁ ስለሚገጣጠሙ ራስ ከራስ መጋጨት ያለ ክፋትም ይበዛል። የፊት እግርህን ከእግሩ በውጭ በኩል አኑር።

ስለ አሰልጣኙ፦ ሰው ፊት አትክሰሰው፣ ከልምምድ በኋላ ለብቻው አናግረው። እኔ መጀመሪያ «ያመኛል» ስለው አሰልጣኜ «ቦክስ እኮ ነው» ብሎኝ ነበር። በኋላ ሌላ አመለኛ ልጅ ሲመጣ ነገሩን በሌላ በኩል አነሣሁት፦ «ይህ ልጅ ውድድር ላይ ያስባርረናል» አልኩት። እ.ኤ.አ. በ1996 ፖላንዳዊው ቦክሰኛ ጎሎታ አሜሪካዊውን ሪዲክ ቦውን በሁለት ግጥሚያዎች በነጥብ እየመራ፣ ሁለቱንም ጊዜ ከቀበቶ በታች በመምታቱ ተባርሮ መሸነፉን አስታወስኩት። በሚቀጥለው ልምምድ ልጁ አንገት ሲይዝ አሰልጣኙ ራሱ ዙሩን አስቆመ።

ማጅራት ግን ከሌላው ጥፋት ሁሉ ይለያል። አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚገናኙበት ቦታ ስለሆነ ነው በአማተሩም በፕሮፌሽናሉም የተከለከለው። የራስ መከላከያው ቆዳ እንዳይቀደድ ይረዳል፤ አንጎል በራስ ቅል ውስጥ መናወጡን አያስቀርም። ባለ 16 አውንስ ወፍራም የልምምድ ጓንት አድርጓል ብለህም አትዘናጋ። ከልምምድ በኋላ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ብዥታ ከተሰማህ ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ ሐኪሙ እስኪፈቅድልህም ከማንም ጋር አትግጠም። ይህን በጣም አጥብቄ እለምንሃለሁ።

የፊታችን ቅዳሜ ጓንት ከማሰራችሁ በፊት፣ ሌሎቹ እየሰሙ ለልጁ ንገረው፦ «ማጅራቴን ከመታኸኝ ዙሩን አቆማለሁ፤ ከደገምከኝ ከአንተ ጋር አልገጥምም።» ከደገመህ ጓንትህን ፍታ። አሰልጣኙ ተመለስና ግጠመው ካለህ ያን ጊዜ ሌላ አዳራሽ ፈልግ።