ካዮቲ ግልገል ሲጨርስ፦ የአንድ ከሰዓት አደን ይጠቅማል?

ጥያቄ፦ «ከወንድሜ ጋር ቨርጂኒያ ውስጥ 40 ኤከር መሬት ገዝተን ፍየል እናረባለን። ደንበኞቻችን አብዛኞቹ ለበዓል የሚያርዱ ሐበሾች ናቸው። በዚህ በሜይ ወር ሦስት ግልገሎች አጣን። የሁለቱ ሬሳ ተገኘ፤ አንዱ ጨርሶ ጠፋ። ጎረቤታችን ‹ካዮቲ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቼን ይዤ ልምጣና እናድንላችሁ› አለን። የ14 ዓመት ልጄም አብሬ ካልሄድኩ ብሎ አስቸግሮኛል። አደኑ ይጠቅመናል? ልጁስ ይሂድ? ለከርሞስ ምን ብናደርግ ይሻላል?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለደረሰብዎ ጉዳት ከልብ አዝናለሁ። ግልገል ማጣት የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሌሊት ተነስቶ ያዋለደ ሰው ያውቀዋል።

አጭሩ መልስ ይህ ነው። አደኑ ሊጠቅም የሚችለው ግልገሎቹን የገደለውን እንስሳ ካገኘ ነው። በአካባቢው የታየውን ካዮቲ ሁሉ መምታት ግን ብዙ ጊዜ ችግሩን አይፈታም፤ አንዳንዴም ያባብሰዋል። ምክንያቱን እነግርዎታለሁ። ካዮቲ ከቀበሮ ከፍ፣ ከተኩላ ዝቅ ያለ የዱር እንስሳ ነው። በመጀመሪያ ግን ገዳዩ በእርግጥ እሱ መሆኑን እንይ።

ሬሳ ሲገኝ ብዙ ሰው ቶሎ ቀብሮ መገላገል ይፈልጋል። እባክዎ አይቸኩሉ። ጓንት ያድርጉ፤ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ከዚያ የአንገቱን ቆዳ በቢላ ገፈው ከውስጥ በኩል ይመልከቱት። ካዮቲ ፍየልና በግ የሚገድለው ብዙውን ጊዜ ጉሮሮ አንቆ ነው። ከመንጋጋው ሥር ጥርስ የበሳቸው ቀዳዳዎች ያገኛሉ፤ በዙሪያቸውም ከቆዳው ሥር የረጋ ደም ይኖራል። እንዲህ ያለ ደም የሚታየው እንስሳው በሕይወት እያለ ሲነከስ ነው። የጥርስ ቀዳዳ ኖሮ ደም ከሌለ ግልገሉ ቀድሞ በሌላ ምክንያት ሞቷል፤ ካዮቲው የመጣው ለጥንቡ ነው። ያን ጊዜ መጥራት ያለብዎ የእንስሳት ሐኪም ነው።

ካዮቲ ሲበላ ብዙ ጊዜ ከጎድን አጥንቱ ኋላ ሆዱን ይከፍትና ከሆድ ዕቃው ይጀምራል። ትንሽ ግልገል ከሆነ አንጠልጥሎት ይሄዳል። የጠፋብዎ ሦስተኛው ግልገል ምናልባት የሄደው እንዲህ ነው። የውሻ ሥራ ግን ይለያል። የኋላ እግር፣ ጎን፣ ጆሮ፣ ጭራ፣ ብቻ ያገኘውን ይቦጫጭቃል። በአንድ ሌሊት ብዙ ፍየል ያቆስላል፤ የሚበላው ግን ጥቂት ነው። ውሻ ያደረሰውን ጥፋት በካዮቲ ማሳበብ የተለመደ ነው። ውሻ ሆኖ ከተገኘ ለካውንቲዎ የእንስሳት ቁጥጥር ቢሮ ይደውሉ፤ በጠመንጃ የሚጨርሱት ጉዳይ አይደለም።

ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ሦስተኛ ተጠርጣሪ አለ፤ ጥቁሩ ጥንብ አንሳ። ይህ ወፍ የሞተ ብቻ አይጠብቅም። አዲስ የተወለደ ግልገልን፣ አንዳንዴም በምጥ ላይ ያለችውን እናት ያጠቃል። ዓይን፣ ምላስና እምብርት ተበልቶ ካገኙ እሱን ይጠርጥሩ። በፌዴራል ሕግ የተጠበቀ ስለሆነ ያለ ፈቃድ መግደል አይቻልም። ልዩነቱ ኪስዎንም ይነካል። የዩኤስዲኤ (የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር) የከብት ኪሳራ ካሳ ፕሮግራም፣ መስፈርቱን ካሟሉ፣ በፌዴራል ሕግ የተጠበቁ አዳኝ እንስሳትና አሞራዎች ለሚገድሉት ከብት ይከፍላል። ካዮቲ ለበላው ግን አይከፍልም። ፎቶውን ያስቀምጡ ያልኩት ለዚህም ጭምር ነው።

እንግዲህ ካዮቲ መሆኑ ተረጋገጠ እንበል። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ያለው ካዮቲ አብዛኛውን ጊዜ ከ13 እስከ 20 ኪሎ ይመዝናል። ድሮ የምዕራቡ ሜዳ እንስሳ ነበር። ሰው ተኩላን ካጠፋ በኋላ ባለፈው ክፍለ ዘመን ወደ ምሥራቅ እየተስፋፋ መጣ። ለርቢ የሚገናኘው ከጃንዋሪ እስከ ማርች ነው። ሁለት ወር ገደማ አርግዞ በኤፕሪልና በሜይ ይወልዳል፤ በአማካይ ስድስት ያህል ቡችሎች። የእርስዎ ችግር በሜይ የመጣው በአጋጣሚ አይደለም። እናትና አባት ለቡችሎቻቸው ሥጋ የሚያመላልሱበት ወር ነው።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ካዮቲ በጥንድ ሆኖ የራሱን ክልል ይዞ ይኖራል። ሰሜን ካሊፎርኒያ፣ ሆፕላንድ የሚባል ቦታ፣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የበግ ምርምር ጣቢያ አለው። እዚያ በ1990ዎቹ ካዮቲዎች አንገታቸው ላይ ሬዲዮ እየታሰረላቸው ክትትል ተደረገ። በግ ይገድሉ የነበሩት በዋናነት ክልሉን የያዙት ወላጅ ጥንዶች ሆነው ተገኙ። ወጣቶቹና መንገደኞቹ ብዙም አልነበሩበትም።

ይህ ለእርስዎ ምን ማለት ነው? ግልገል መብላት የለመደውን ጥንድ ካገኛችሁት ለጊዜው እፎይ ትላላችሁ። ለጊዜው ያልኩት ቦታውን ሌላ ጥንድ ስለሚይዘው ነው። በሌላው ጫፍ ያለውና አይጥና ጥንቸል እየበላ ፍየል የማይነካው ጥንድ ግን ሌላ ካዮቲ እንዳይገባ ክልሉን እየጠበቀልዎ ነው። እሱን ከገደላችሁት በምትኩ የሚመጣው ምን ልማድ እንዳለው አታውቁም። ካዮቲን ከአካባቢው ጠራርጎ ማጥፋትን ደግሞ ይርሱት። በ1975 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኮምፒውተር አስልተውት ነበር። በየዓመቱ ከመቶ 75ቱ ቢገደሉ እንኳ ዘሩን ለማጥፋት ከ50 ዓመት በላይ ይፈጃል። ቁጥሩ ሲቀንስ የተረፉት ሴቶች ብዙ ቡችላ ያሳድጋሉ።

ስለዚህ ጎረቤትዎን እሺ ይበሉት፤ ግን አደኑ ግልገሎቹ የሞቱበት አካባቢ ይሁን፤ ቶሎም ይሁን። በማግስቱ የተደረገ አደን ከወር በኋላ ከሚደረገው እጅግ ይሻላል። ቀን ቀድመው ከወንድምዎ ጋር አጥሩን ተከትለው ይሂዱ። ካዮቲ ከመዝለል ይልቅ ከሥር መሹለክ ይወዳል። የተቆፈረ አፈር፣ ሽቦው ላይ የቀረ ፀጉር፣ ፀጉር የበዛበት ኩስ ይፈልጉ። ዱካው ከውሻ ዱካ ጠበብና ሞላላ ያለ ሲሆን ቀጥ ባለ መስመር ይሄዳል። መግቢያውን ካወቃችሁ የት እንደምትቀመጡም አወቃችሁ ማለት ነው።

በሜይ እኩለ ቀን ላይ አትውጡ። ሙቀት ነው፤ ካዮቲውም ጥላ ውስጥ ተኝቷል። ፀሐይ ለመጥለቅ ሁለት ሰዓት ያህል ሲቀራት ጀምሩ። ፍየሎቹን አስቀድማችሁ ጋጣ አስገቡ፤ የእናንተንም የጎረቤትንም ውሻ አሳስሩ። መኪናውን ራቅ አድርጋችሁ አቁሙ። በሩን አታላትሙ፤ ወሬም ይቅር። ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ፤ የቨርጂኒያ መዥገር በዚህ ወር አደገኛ ነው።

ቀጥሎ ንፋሱን እዩ። ካዮቲ ድምፅ ሲሰማ ዝም ብሎ አይሮጥም። ዞሮ ንፋሱ ሽታ ወደሚያመጣለት አቅጣጫ ይሄድና አሽትቶ ይመጣል። ስለዚህ ንፋሱ ከእናንተ አልፎ የሚሄድበት በኩል ገላጣ ሜዳ ይሁን፤ ሲዞር እንድታዩት። ጀርባችሁን ለዛፍ ስጡ፤ ጥላ ውስጥ ተቀመጡ፤ ፀሐይዋ ከኋላችሁ ትሁን። የእንስሳ ጩኸት እያሰማ ካዮቲን የሚጠራውን ማሽን ከራሳችሁ 40 ሜትር ያህል አርቃችሁ አስቀምጡት፤ ካዮቲው ድምፁ ወደሚመጣበት ሲያይ እናንተን አያይም። በብርዱ ወራት፣ የተጎዳች ጥንቸል ጩኸት ይሠራል። በዚህ ወር ግን የቡችላ ጩኸት ይበልጣል፤ ወላጆቹን የሚያመጣው እሱ ነውና። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሳትንቀሳቀሱ ጠብቁ። 40 ኤከር ላይ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ቦታ ይበቃል። ምንም ሳይመጣ ፀሐይ ልትጠልቅ ትችላለች። ያ የተለመደ ነው፤ በንዴት ሌሊቱን ወደ ጫካ መግባት ግን አያስፈልግም።

አጥብቄ የምለምንዎ ስለ ተኩሱ ነው። ለካዮቲ የሚመረጠው 223 የሚባለው ጥይት ዒላማውን ከሳተ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል። በዚያ ርቀት ውስጥ የስንት ሰው ቤት አለ? ከእንስሳው ኋላ ጥይቱን የሚውጥ ኮረብታ ወይም አፈር ካልታየ አይተኮስም። አድማስ ላይ በቆመ እንስሳ ላይ ፈጽሞ አይተኮስም። ሁሉም በአንድ መስመር ይቀመጥ፤ ማን እንደሚተኩስ አስቀድሞ ይወሰን። ካዮቲ ሲሮጥ ጭራውን ወደ ታች ይጥላል፤ አፉ ሹል፣ ጆሮው ቀጥ ያለ ነው። ጥርጣሬ ካለ ጣት ከቃታው ይራቅ። የሰው ውሻ ሊሆን ይችላል።

በሕጉ በኩል ቨርጂኒያ ካዮቲን ጎጂ እንስሳ ብላ ስለመደበችው ዓመቱን ሙሉ ይታደናል። ባለመሬት በገዛ መሬቱ የአደን ፈቃድ አያስፈልገውም፤ እንግዳ ሆኖ የሚመጣው ጎረቤት ግን ያስፈልገዋል። የዓመቱን ደንብ ከግዛቱ የዱር እንስሳት ሀብት መሥሪያ ቤት አረጋግጡ። ለእኛ ማኅበረሰብ ደግሞ ይህን ልጨምር። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ ጠመንጃ መያዝ አይከለከልም። በጉብኝት ወይም በሌላ ጊዜያዊ ቪዛ የመጣ ዘመድ ግን በጥቅሉ ይከለከላል፤ ያሉት ልዩ ሁኔታዎች ጥቂት ናቸው። «አንዴ ልያዘውና ፎቶ አንሱኝ» ሲል ለሱ ብላችሁ እንቢ በሉት። የስደተኛ ጉዳዩን ሊያበላሽበት ይችላል።

ልጅዎ ይሂድ። ፍየሎቹን የሚያበላና የሚያጠጣ ልጅ ከሆነ ይህም የሱ ጉዳይ ነው። ግን ጠመንጃ ሳይዝ፣ ጆሮው ላይ መከላከያ አድርጎ፣ ከእርስዎ ጎን ይቀመጥ። መተኮስ ከፈለገ መጀመሪያ ግዛቱ የሚሰጠውን የአዳኞች ደህንነት ትምህርት ይጨርስ። እርስዎም አብረውት ቢማሩ ደስ ይለኛል።

ካዮቲ ከተገደለ በባዶ እጅ አይነካ። የእብድ ውሻ በሽታና እከክ ሊኖርበት ይችላል። ሬሳውን ውሾች እንዳይበሉት በጥልቀት ቅበሩት። አደኑ ካልተሳካና ግልገል መሞቱ ከቀጠለ ለዩኤስዲኤ የዱር እንስሳት አገልግሎት ክፍል ይደውሉ። ሥራቸው ይኸው ነው፤ ባለሙያ ይልካሉ።

ለከርሞ ላሉት ግን ገንዘብዎን ከጥይት ይልቅ አጥር ላይ ያውጡ። የሽቦው ቀዳዳ ከ15 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል ይለፍ። ከውጭ በኩል ከመሬት ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ አንድ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይዘርጉ። ሊቆፍር ሲመጣ አፍንጫውን የሚያገኘው እሱ ነው። ሣር ነክቶት ኃይሉን እንዳይቀንሰው ሥሩን እጨዱ። ያለ ኤሌክትሪክ ግን ቀዳዳ ሲደፈን በሌላ በኩል ይቆፍራል። የሞተ ግልገልና እንግዴ ልጅ ሜዳ ላይ አይደር፤ ካዮቲን የፍየል ጣዕም የሚያለምደው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ጠባቂ እንስሳም ይያዙ። ግሬት ፒረኒስ ወይም አናቶሊያን የሚባሉት ውሾች ከቡችላነታቸው ከፍየል ጋር ካደጉ ወደር የላቸውም፤ ግን ይጮኻሉ፣ ይበላሉ፣ ካልታጠሩ ይዞራሉ። ለ40 ኤከር አህያም ጥሩ ናት። አገር ቤት ከጅብ የምንጠብቃት አህያ እዚህ ካዮቲን እየነከሰችና እየረገጠች ታባርራለች። ሴት ወይም የተኮላሸ ወንድ ይሁን፤ ያልተኮላሸው ግልገል ሊገድል ይችላል። አንድ ብቻ ይግዙ። ሁለት ከሆኑ እርስ በርስ ይጓደኙና ፍየሉን ይረሱታል። አደራ የምልዎ ግን ሞኔንሲን የሚባል መድኃኒት ያለበትን የፍየል መኖ እንዳትቀምስ ነው፤ አህያና ፈረስ ይገድላል። የከረጢቱን ጽሑፍ ሳያነቡ አይስጡ።

የመውለጃውንም ጊዜ ይቀይሩ። ፍየል 150 ቀን ገደማ ታረግዛለች። አውራውን በኦገስት አጋማሽ ከለቀቁት ግልገሎቹ በጃንዋሪ አጋማሽ ይወለዳሉ። ካዮቲው ቡችሎቹን መመገብ ሲጀምር የእርስዎ ግልገሎች የሦስትና የአራት ወር ልጆች ሆነው ከእናታቸው ጋር መሮጥ ችለዋል። ለእንቁጣጣሽ ስምንት ወር ይሆናቸዋል፤ ለገና ደግሞ ዓመት ሊሞላቸው ትንሽ ይቀራቸዋል። ገበያዎም አይጎዳም። ችግሩ ብርዱ ነው። ንፋስ የማያስገባ ደረቅ ጋጣና ብዙ ገለባ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ይዘጋጅ። ማሞቂያ አምፖል ከሰቀሉ በሰንሰለት አጥብቀው ይሰሩት፤ ገለባ ላይ ወድቆ ጋጣ ያቃጠለ አምፖል ብዙ ነው። እናቶቹ ከመውለዳቸው አራት ሳምንት በፊት ክትባታቸውን ያግኙ። ቀኑን ከሐኪምዎ ጋር አሁኑኑ ይቁረጡ።