መልስ፦ ጓዝ ጭኖ በብስክሌት ከጎባ በሳነቴ ወደ ሪራ

ጓዝ ጭነህ ተጉዘህ እንደማታውቅ፣ ግን በ3 ቀን ከባሌዋ ጎባ ተነስተህ በሳነቴ አምባ በኩል ሐረና ደን መውረድ እንደምትፈልግ ጽፈሃል። ይቻላል፤ ኪሎ ሜትሩ ግን አያታልልህ። ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሳነቴ ከ4,000 በላይ ነው። መጀመሪያ ከፍታውን እንድትለምድ ዲንሾ ሁለት ሌሊት እደር። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት እዚያው ስለሆነ ክፍያውንና ድንኳን የሚተከልበትን ቦታ በዚያው ትጨርሳለህ። ራስ ምታት ላይ ማስታወክ ከተጨመረ የከፍታ ሕመም ነውና ድርድር የለም፣ ውረድ።

ከኅዳር እስከ ጥር ሂድ። ቀኑ ፀሐይ ነው፤ ሌሊት ውሃ ስለሚረጋ ኮዳህን መኝታ ከረጢትህ ውስጥ አስገባው።

ጀማሪን የሚጎዳው ከአቀበቱ ይልቅ ሐረና ደን ውስጥ ወዳለችው ሪራ መንደር የሚወስደው ቁልቁለት ነው። ብስክሌቱ ጠጠር ላይ ሲንቀጠቀጥ ማሰሪያው ይላላል፤ ከኮርቻው ሥር ያለው ቦርሳ ይወርድና የኋላ ጎማው ይፍቀዋል። ስታስረው አራት ጣት ክፍተት ተው፣ ቁልቁለቱ ላይም ቶሎ ቶሎ ቆመህ አጥብቀው። ውሃና መፍቻ ፍሬሙ መሃል፣ መኝታ ከረጢት መሪው ላይ ይሁን። ፍሬን ያዝ ለቀቅ አድርግ፤ ያለማቋረጥ ከያዝከው ግሎ ይደክማል።

መለዋወጫ፦ 2 ከመነዳሪ፣ መለጠፊያ፣ መንፊያ፣ የሰንሰለት ማያያዣ፣ አንድ ጥንድ የፍሬን ሸራ። የኋላ ማርሽ መቀየሪያው የሚታሰርባትን ትንሽ ብረትም ያዝ፤ እንደ ፍሬሙ ዓይነት ስለምትለያይ መንገድ ላይ አትገኝም።

ለስንቅ በሶ፣ ቆሎና ጭኮ በቂ ነው፣ ምድጃህ ቢበላሽም አትራብም። ውሃ 4 ሊትር ያዝ፤ ከጅረት የቀዳኸውን ግን አፍላው፣ ከብት ይጠጣበታል።

ከዚያ በፊት ግን ሙሉ ጓዝህን ጭነህ ሱሉልታ አካባቢ አንድ ሌሊት እደር። የረሳኸውም የተረፈህም ያኔ ይታወቃል።